ሁለት ሮቤ፣ አንድ ስም



የምናገረው ለብዙ ሰው ጥቃቅን ስለሚመስል ሥራ ነው። ትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ አለው፤ አስጎብኚውም አለው፤ የወረዳው ጽሕፈት ቤትም አንድ ከፍቷል ወይም ሊከፍት አስቧል። በእነዚህ ድረ ገጾች ላይ ስለ ሶፍ ዑመር፣ ስለ ድሬ ሼክ ሁሴን፣ ስለ ሳነቲ፣ ስለ ጊኒር ራሷ የተጻፉ ገጾች አሉ። እያንዳንዱን ገጽ በኢንተርኔት ላይ ካለው መዝገበ ዕውቀት፣ ማለትም ከዊኪፒዲያ፣ ስለዚያው ጉዳይ ከሚናገረው ጽሑፍ ጋር እንዴት እናያይዘው? የእኔ እምነት ይህ ነው፦ ገጽ የሚያያዘው በስሙ መሆን የለበትም፤ በሚናገርለት ነገር መሆን አለበት። ነገሩ የትኛው እንደ ሆነ አረጋግጦ ማያያዝ የሚችለው ደግሞ አገሩን የሚያውቅ ሰው ነው።

በሮቤ ልጀምር። እዚህ ጊኒር፣ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ሮቤ ሲባል ማንም አይሳሳትም፤ መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ያለባት የባሌዋ ሮቤ ናት። ግን አርሲ ውስጥም ሮቤ የምትባል ከተማ አለች፤ በስሟ የሚጠራ ወረዳም አላት። ሁለቱም ኦሮሚያ ውስጥ ናቸው፣ ሁለቱም ደጋ ናቸው፣ በሁለቱም ዙሪያ ስንዴና ገብስ ይመረታል። ስምን ከስም ጋር ብቻ የሚያመሳስል ፕሮግራም ስለ ባሌዋ ሮቤ የጻፋችሁትን ገጽ ወስዶ ከአርሲዋ ጋር ሊያስረው ይችላል፤ ስህተቱንም አርሲን ወይም ባሌን የማያውቅ ሰው አያየውም። የአውሮፕላን ማረፊያው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ወደ ባሌ የሚበር መንገደኛ ሮቤ ይወርዳል፤ የማረፊያው ዓለም አቀፍ ባለ ሦስት ፊደል መለያ ግን ከጎባ ስም የተወሰደ ነው። ዩኒቨርሲቲውም እንዲሁ፤ ስሙን የወረሰው በኦሮሞ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ ካላት ከመደ ወላቡ ነው፣ መደ ወላቡ ግን ከሮቤ ወደ ደቡብ ርቃ የምትገኝ ሌላ ቦታ ናት።

«ባሌ» የሚለው ቃል ብቻውን ስንት ነገር እንደ ተሸከመ አስቡ። በ14ኛው መቶ ዘመን የኖረው አረባዊው ጸሐፊ አል ዑመሪ ከዘረዘራቸው የእስላም መንግሥታት አንዱ ባሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ከሐረርጌ ተከፍሎ የተቋቋመው፣ ዋና ከተማው ጎባ የሆነው ጠቅላይ ግዛትም ባሌ ነው። የዛሬው ዞን ባሌ ነው፤ ከእሱ የተለየውና መቀመጫው ጊኒር የሆነው ደግሞ ምሥራቅ ባሌ ነው። ተራራዎቹም፣ ብሔራዊ ፓርኩም በዚሁ ስም ይጠራሉ። ስለ ኢማም አሕመድ ዘመን ዘመቻዎች የሚያወሳ ገጽ «ባሌ» በሚለው ቃል ላይ የዞኑን ጽሑፍ ቢያያዝበት፣ አንባቢው የ16ኛውን መቶ ዘመን ጦርነት በዛሬ የአስተዳደር ወሰን ውስጥ እንዲያስበው ተደርጓል ማለት ነው። ይህ በጣም ከባድ ስህተት ነው፣ ምክንያቱም አገናኙ የተረጋገጠ መስሎ ይታያል።

አንድ እንግዳ ጊኒር ገበያ መጥቶ «መሐመድን ፈልጌ ነው» ቢል መልሳችን ጥያቄ ነው፤ የትኛው መሐመድ? የማን ልጅ? ከየትኛው ሰፈር? የአባት ስም፣ ሰፈርና ሥራ ተጨምሮ ነው ሰውየው የሚገኘው። በኢንተርኔት ላይ ይህን ጥያቄ የሚመልሰው ዊኪዳታ የሚባለው መዝገብ ነው። ዊኪፒዲያ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲጀመር እያንዳንዱ ቋንቋ ለብቻው ነበር፤ የአማርኛው ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር እንዲያያዝ ጸሐፊዎቹ በእያንዳንዱ ጽሑፍ ግርጌ በእጃቸው ይጽፉ ነበር። በጥቅምት 2012 እ.ኤ.አ. ዊኪዳታ ሲከፈት ለአንድ ነገር አንድ መለያ ቁጥር ተሰጠው፣ በየቋንቋው ያሉት ጽሑፎችም ሁሉ በዚያ ቁጥር ሥር ተሰበሰቡ። ኢትዮጵያ ኪው 115 ናት፤ አዲስ አበባ ኪው 3624 ናት። የጽሑፉ ርእስ ነገ ቢለወጥ ቁጥሩ አይለወጥም። ሁለት ቁጥር ለአንድ ነገር ተሰጥቶ ተገኝቶ ቢዋሃድ እንኳ የተተወው ቁጥር ወደ ቀሪው ያደርሳል። ስለዚህ ገጻችሁን ስታያይዙ መጀመሪያ ልትይዙት የሚገባው ይህንን ቁጥር ነው፤ የጽሑፉ አድራሻ ከእሱ ይገኛል።

ቁጥሩ ትክክለኛ መሆኑን የምታረጋግጡት ስሙን አይታችሁ አይደለም። የቦታ ከሆነ ኬክሮስና ኬንትሮሱን ተመልከቱ፤ ጊኒር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 7 ዲግሪ፣ በምሥራቅ ደግሞ 40 ዲግሪ ከግማሽ አለፍ ብላ ትገኛለች። በየትኛው ዞን ሥር እንደ ተመዘገበች እዩ፤ ከዞኑ መከፈል በፊት የተጻፈ መረጃ አሁንም እንዳለ ሊሆን ይችላል። የስሙን አጻጻፍ አትመኑ። የጊኒር ስም በላቲን ፊደል በአንድ «ኤን»ም በሁለትም ይጻፋል፤ በአፋን ኦሮሞ ጊንዺር ነው። በአማርኛም ሶፍ ዑመርን አንዱ በዓይኑ «ዑ»፣ ሌላው በአልፋው «ኡ» ይጽፈዋል፤ ለእኛ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። በዊኪዳታ ላይ ለእያንዳንዱ ነገር ተለዋጭ ስሞች የሚመዘገቡበት ቦታ አለ። እነዚህን አጻጻፎች ሁሉ እዚያ ማስገባት ደቂቃዎች የሚወስድ ሥራ ነው፤ ከእኛ በኋላ ለሚፈልግ ሰው ሁሉ ግን መንገድ ይከፍታል።

ደግሞ አንድ ቦታ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ታገኙ ይሆናል። ስዊድናዊው ስቬርከር ዮሐንሶን የሠራው ኤልኤስጄቦት የተባለ ፕሮግራም ከዓለም አቀፍ የቦታ ስሞች ዝርዝር እያነበበ በስዊድንኛና በፊሊፒንሱ ሴቡዋኖ ቋንቋ ሚሊዮን በሚቆጠር መጠን ጽሑፎችን ፈጥሯል። የኢትዮጵያ ወንዞችና ተራሮችም በዚያ ውስጥ አሉበት። ዝርዝሩ ውስጥ አንድ ወንዝ በሁለት አጻጻፍ ተመዝግቦ ከነበረ ፕሮግራሙም ሁለት ወንዝ አድርጎታል። ዌይብንና ዋቢ ሸበሌን የሚለይ ሰው እዚህ ያስፈልጋል። ዌይብ ሶፍ ዑመርን ሰንጥቆ ወርዶ ከገናሌ ጋር ወደ ጁባ የሚሄድ ወንዝ ነው፤ ዋቢ ሸበሌ የራሱ ሌላ መንገድ አለው። ይህን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

አሁን ወደ ባሌ ተራሮች፣ ወደ ሳነቲ ልውጣ፤ እዚያ ያለው ጉዳይ ከሁሉም ይልቅ ያሳስበኛል። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው 500 ያህል ብቻ ነው፣ ከዚያም ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚኖረው በባሌ ተራሮች ነው። የአማርኛ ስሙን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስ መሣሪያ የሚያመጣላችሁ ግን በአውሮፓና በእስያ፣ በሰሜን አሜሪካም በየጫካው የሚገኘውን፣ ብዛቱ የማያሳስበውን ሌላ ቀበሮ ነው። ከዚያ ጋር የተያያዘ ገጽ አንባቢውን «ይህ እንስሳ በብዛት አለ» ወደሚል ጽሑፍ ይወስደዋል። በአፋን ኦሮሞ ጄዳላ ፈርዳ የሚባለው የእኛው እንስሳ ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1840 ሲገልጸው ነው፤ የተሰየመውም በሰሜን ተራሮች ስም ነው፣ ብዙው የሚገኘው ግን ባሌ ነው። እንስሳትና ዕፅዋት ሁሉ ሲያያዙ ድልድዩ ሳይንሳዊው ስም ይሁን። የደጋ አጋዘንም እንዲሁ ነው፤ በእንግሊዝኛ ስሙ የሚመስለው የደቡብ አፍሪካ ቆላ አጋዘን አለ፤ የእኛው ግን በሳይንስ የታወቀው በ1910 እ.ኤ.አ. በሪቻርድ ላይዴከር ገለጻ ነው።

ሶፍ ዑመር ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያነሣል። ሶፍ ዑመር ስንል ሰው ማለታችን ነው፤ በአካባቢው ትውፊት በዋሻው የተጠለሉት ሼክ። ዋሻ ማለታችንም ነው፤ ዌይብ የፈለፈለው፣ 15 ኪሎ ሜትር ያህል የተለካ፣ በአገራችን ከታወቁት ዋሻዎች ሁሉ የሚረዝም። ከዋሻው አፋፍ ላይ ያለችው መንደርም ሶፍ ዑመር ናት። በመዝገበ ዕውቀቱ እነዚህ ሦስት ነገሮች ናቸው፣ ሦስትም ሆነው መቆየት አለባቸው። ሼክ ሁሴንም እንዲሁ፦ በ13ኛው መቶ ዘመን እንደ ኖሩ የሚነገርላቸው ሰው፣ የሚዘየሩበት መካን፣ በዙሪያው ያለችው ድሬ ሼክ ሁሴን። ገጻችሁ ስለ ሦስቱም በአንድ ላይ የሚተርክ ከሆነ «ይህ ገጽ እና ያ ጽሑፍ አንድ ናቸው» አትበሉ፤ «ይህ ገጽ ስለ እነዚህ ይናገራል» በሉ።

ይህ ልዩነት በገጹ ውስጥ ለማሽን የሚነበብ መግለጫ ስትጽፉም ይሠራል። ጎግል፣ ያሁና ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2011 ስኬማ ዶት ኦርግ የተባለ የጋራ መዝገበ ቃላት አወጡ። በውስጡ «ሴም አዝ» የሚባል መስክ አለ፤ ትርጉሙ «ይህ ነገር ያ ራሱ ነው» ነው። «አባውት» የሚባል ሌላ መስክ አለ፤ «ገጹ ስለዚያ ነው» ይላል። ድረ ገጽ የምትሠሩ ወጣቶች፣ እባካችሁ የመጀመሪያውን አታባክኑ። ከተማዋን ለሚገልጸው ክፍል የከተማዋን ቁጥር ስጡት፤ ለተራኪው ገጽ ግን ሁለተኛውን ተጠቀሙ። አለበለዚያ የአስጎብኚው ድርጅት ገጽ ራሱ ዋሻው ነው ብላችሁ ለዓለም አስመዘገባችሁ።

ስለ ቅርስ ማዕረግም ጥንቃቄ ያሻል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ በተደረገው ስብሰባ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሶፍ ዑመርና ድሬ ሼክ ሁሴን ግን ኢትዮጵያ ወደፊት ለማስመዝገብ ባቀረበችው ጊዜያዊ ዝርዝር ውስጥ ያሉ ናቸው። ሶፍ ዑመር ከፓርኩ ውጭ ነው። በአንድ ገጽ ላይ ሦስቱን አስቀምጦ ሁሉንም ከአንድ «የዓለም ቅርስ» ጽሑፍ ጋር ማያያዝ ያልተሰጠ ማዕረግ መስጠት ነው፤ ለሶፍ ዑመር ምዝገባ የሚደክሙትንም ሰዎች አይረዳቸውም።

አሁን የጠቀስሁትን ዓመት አስተውሉ፤ 2016 ነው ያልሁት። የውጭው ጽሑፍ 2023 ይላል፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። የእኛ ገጽ የባሌ ገበሬዎች አመጽ በ1962 አበቃ ሲል፣ ያያያዝነው ጽሑፍ 1970 ይላል። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ድረስ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ስለሆነ ጭፍን መቀነስም አይሠራም። ዊኪዳታ የእኛን አቆጣጠር አያስተናግድም፤ የሚቀበለው የጎርጎርዮሱን ወይም የዩልዮሱን ነው። ስለዚህ በገጾቻችን ላይ ከእያንዳንዱ ዓመት ጎን ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚለው ምልክት መኖር አለበት፤ ምልክት የሌለው ዓመት ለአንባቢው ሁለት የተለያዩ ታሪኮች የተከሰቱ ያስመስላል።

ይህ ሥራ ሌላ ቦታ ተሠርቶ ታይቷል። ቢቢሲ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለ አራዊት በከፈተው ድረ ገጽ ለእያንዳንዱ እንስሳ አንድ ገጽ ሰጥቶ፣ ገጹን ከዊኪፒዲያው ጽሑፍ ጋር አቆራኝቶ፣ መግለጫውንም ከዚያው ይወስድ ነበር። ለሙዚቀኞች በሠራው ገጽም ይህንኑ አድርጓል። የወደድሁለት አሠራሩ ይህ ነው፤ ጽሑፉ ስህተት ካለበት ሠራተኞቹ በራሳቸው ገጽ ላይ ሳይሸፍኑት ሄደው ዊኪፒዲያውን ያርሙ ነበር። ወደ አገራችን ጉዳይ ስንመጣ ደግሞ በሀምቡርግ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረው፣ አሌሳንድሮ ባውሲ የሚመሩት «ቤተ መጻሕፍት» የተባለው የምርምር ሥራ አለ። የኢትዮጵያንና የኤርትራን የብራና ጽሑፎች ይመዘግባል፤ ለጽሑፎቹ፣ በውስጣቸው ለሚጠሩት ሰዎችና ቦታዎች ሁሉ የራሱን መለያ ይሰጣል፤ ቦታዎቹንም ከዊኪዳታ ቁጥር ጋር ያያይዛል። አንድ የገዳም ስም በብራና ላይ በሦስት ዓይነት ተጽፎ ቢገኝ ቦታው አንድ መሆኑ የሚታወቀው በዚያ ነው። በዚያው ከተማ የተዘጋጀው ባለ አምስት ቅጹ «ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ» እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 ታትሞ ወጥቷል፤ ታላቅ ሥራ ነው፣ ነገር ግን የወጣው በወረቀት ነው፤ የጊኒር ተማሪ በስልኩ ነክቶ አይደርስበትም። ዊኪፒዲያን እንድንመርጥ የሚያስገድደን አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሆኖም የምናያይዘው ጽሑፍ ባዶ ቢሆንስ? የአማርኛው ዊኪፒዲያ ያለው 15 ሺህ አካባቢ ጽሑፍ ነው፤ የአፋን ኦሮሞው ከዚያ በብዙ ያንሳል። ስለ ከተሞች የተጻፉት ብዙዎቹ ሁለት ሦስት መስመር ናቸው። አንዳንዶች «እንግዲያው እንግሊዝኛውን እናያይዝ» ይላሉ። እኔ አልስማማም። አንባቢያችን የሚያነብበት ቋንቋ ቅድሚያ ያግኝ፤ አፋን ኦሮሞው ይቅደም፣ አማርኛው ይከተል፣ ከዚያ እንግሊዝኛው ይምጣ። የአገሩ ቋንቋ ጽሑፍ ባዶ ከሆነ ሥራችን ያኔ ተጀመረ ማለት ነው። ባዶውን ጽሑፍ የሚያየው ሰው በጨመረ ቁጥር የሚሞላው ሰው የመገኘት ዕድሉ ይጨምራል፤ መጀመሪያ የሚሞላው ደግሞ ያያያዘው ሰው ራሱ ሊሆን ይገባል።

ለመሙላት ግን የታተመ ምንጭ ያስፈልጋል፤ የአባቶች ቃል ብቻውን በዊኪፒዲያ ሕግ አይበቃም። ይህ ብዙዎቻችሁን እንደሚያስቆጭ አውቃለሁ፣ እኔንም ያስቆጨኛል። ስለ ባሌ የታተመ ምንጭ ግን አለ። ስለ ሼክ ሁሴን የሚዘመሩትን የኦሮሞ መንዙማዎች ፖላንዳዊው የቋንቋ ምሁር አንድርዜየቭስኪ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አጥንቶ አሳትሟል። የደቡብ ኢትዮጵያን የእስልምና ታሪክ ኡልሪሽ ብራውኬምፐር ጽፏል። የባሌን አመጽ ገብሩ ታረቀ እ.ኤ.አ. በ1991 ስለ ገበሬዎች ዓመፅ በታተመው መጽሐፋቸው ተንትነውታል፤ ቴርየ ኦስተቦ ደግሞ ከ1963 እስከ 1970 እ.ኤ.አ. ያለውን ጊዜ ብቻ የሚመለከት ሙሉ መጽሐፍ በ2020 አውጥቷል። የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ባልደረቦች እነዚህን ለአንባቢ ቢያቀርቡልን፣ የታሪክ መምህራን ከተማሪዎቻቸው ጋር ሆነው ጽሑፎቹን መሙላት ይችላሉ። አባቶች የሚነግሩንን ደግሞ ቀድተን፣ ጽፈን፣ አሳትመን ምንጭ እናድርገው፤ ያልታተመ ስለሆነ ብቻ እንዲቀር መፍቀድ የለብንም።

አንድ ነገር እንዳትሠሩ እለምናችኋለሁ። ከገጻችን ወደ ዊኪፒዲያ ማያያዝና በዊኪፒዲያ ላይ የራሳችንን አድራሻ መለጠፍ የተለያዩ ናቸው። ሁለተኛው ማስታወቂያ ሆኖ ይቆጠራል፣ ይሰረዛልም። በፍለጋ ውጤት ላይ ከፍ ያደርገናል ብሎ የሚያስብም ካለ፣ እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ የውጭ አድራሻዎች ለፍለጋ ሞተሮች «አትከተሉ» የሚል ምልክት ስላለባቸው አያደርግም። ሌላው አደጋ ከዊኪፒዲያ ቀድቶ ገጽ መሙላትና በኋላ ያንኑ ገጽ ለዊኪፒዲያ ምንጭ አድርጎ ማቅረብ ነው፤ ማንም ያላረጋገጠው ወሬ ሁለት ምስክር ያገኘ ይመስላል። ማያያዝ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ጽሑፍ መቅዳት ግን ምንጩን መጥቀስና በዚያው የፈቃድ ውል ማሳተምን ይጠይቃል።

አሠራሩ ራሱ ቀላል ነው። አንድ ሠንጠረዥ ይበቃል። በአንድ ረድፍ የገጻችሁ አድራሻ፣ የዊኪዳታው ቁጥር፣ በሦስቱ ቋንቋዎች ያሉት ጽሑፎች፣ «አንድ ነው» ወይስ «ስለዚያ ነው» የሚለው፣ መጨረሻ ላይም ያረጋገጠው ሰው ስምና ቀን ይሰፍራል። ይህን የመጨረሻውን ዓምድ ማንም እንዳይዘልለው። ፕሮግራም እጩዎችን ሊያቀርብላችሁ ይችላል፣ ጊዜም ይቆጥባል፤ ፊርማው ግን የሰው ይሁን። ቁርጥ ያለ ተዛማጅ ካልተገኘ ረድፉን ባዶ ተዉት። ስለ አንዲት ትንሽ ምንጭ የጻፋችሁትን ገጽ «ቅርብ ነው» ብላችሁ ከወንዙ ጋር አታስሩት፤ ምንጯ የራሷ ቁጥር እስክታገኝ ትጠብቅ፣ ወይም እናንተ ቁጥሩን ክፈቱላት። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ሁሉንም ነክታችሁ ፈትሹ፤ ጽሑፎች ይሰረዛሉ፣ ይዋሃዳሉ፣ የዞን ወሰን ይለወጣል።

የድሬ ሼክ ሁሴንን ረድፍ የመካኑ አባቶች ሳያዩት አይፈረም። የቀይ ቀበሮውን የፓርኩ ስካውቶች ይዩት፣ የወንዞቹን ደግሞ የጂኦግራፊ መምህራን። ሠንጠረዡ በኮምፒውተር ላይ ተከፍቷል። የመጀመሪያው ረድፍ ጊኒር ናት፣ ሁለተኛው የባሌዋ ሮቤ። ሦስተኛውን የሚሞላ ሰው አሁን እጁን ያውጣ፤ የየትኛውን ገጽ ኃላፊነት እንደሚወስድም ይንገረን።